«ስፖርት ሥራ» ማዘዣ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ወገቡን፣ ጉልበቱን ወይም ትከሻውን ለወራት የታመመ የባሕር ዳር ሰው ከሕክምና ሲመለስ ይዞት የሚገባው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የራጅ ፊልም፣ የአምስት ወይም የአሥር ቀን ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ፣ እና በቃል የተነገረች አንዲት ምክር፦ «ስፖርት ሥራ»። ክኒኑ ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ፣ በቀን ስንቴ እንደሚዋጥ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ማሸጊያው ላይ ተጽፎለታል። ስለ ስፖርቱ የተጻፈ ነገር የለም። የትኛው እንቅስቃሴ? ስንት ጊዜ? እያመመኝ ልቀጥል ወይስ ላቁም? የምጨምረውስ መቼ ነው? ሰውየው ቤቱ ገብቶ የመሰለውን ይሠራል፣ ወይ ጎረቤት ያሳየውን ይሞክራል፣ በሦስተኛው ቀን ወገቡ ቀስፎ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ «ስፖርትም ሞክሬ ባሰብኝ» ነው። እውነቱን ነው፣ ብሶበታል። ያባሰው ግን እንቅስቃሴው ሳይሆን መጠኑ ነው።

እዚህ ከተማ በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምንሠራ ሰዎች ነን። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው መጠኑን ለአንባቢዎቻችሁ በቁጥር ለማቅረብ፣ ለጤና ተቋማትም አንድ ጥያቄ ለማንሳት ነው።

ከ3 ወር በላይ የዘለቀ ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። የተሳበ ጡንቻም ሆነ የተለጠጠ ጅማት አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠገናል። ሕመሙ ከዚያ አልፎ ከቀጠለ ነገሩ ከቁስሉ ይልቅ ወደ ነርቭ ሥርዓቱ ያዘነብላል፤ የሕመም መልእክት የሚያስተላልፉት የአከርካሪና የአንጎል ነርቮች ከልክ በላይ ንቁ ሆነው ይቀራሉ፣ ትንሹንም ነገር አግንነው ያደርሳሉ። ሌባው ከሄደ ከሳምንት በኋላ ለነፋሱም ለድመቷም እንደሚጮህ የግቢ ውሻ ማለት ነው። ጩኸቱ እውነት ነው፤ ሌባው ግን የለም። ይህ «ሕመምሽ የአንቺ ፈጠራ ነው» ማለት አይደለም፤ እንዲህ እየተባሉ ከሕክምና የሚመለሱ እናቶች ጥቂት አይደሉም፣ የሚያሳዝን ነገር ነው። ሕመሙ አለ። ሆኖም ሥር በሰደደ ሕመም ላይ «አመመኝ» እና «ተጎዳሁ» አንድ አይደሉም፤ የእንቅስቃሴ ሕክምና በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። በሌላ በኩል ሰው አመመኝ ብሎ በተኛ ቁጥር ጡንቻው ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ትናንት የማያሳምመው ሥራ ዛሬ ያሳምመዋል።

የሰውነትን ውስጥ በምስል ስለሚያሳየው ኤም አር አይም አንድ ነገር መባል አለበት። «ዲስክህ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ተንሸራቷል» የተባለ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ ማጎንበስ ይፈራል፣ ልጅ አያነሳም፣ ሲቀመጥም ሲነሣም ወገቡን እንደ እንቁላል ይጠብቃል። ነገር ግን ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸው ሰዎች በኤም አር አይ ሲታዩ በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት 30 በመቶ ያህሉ፣ በ50 ዓመት 60 በመቶው፣ በ80 ዓመት ደግሞ 84 በመቶው ወደ ውጭ ያበጠ ዲስክ ይታይባቸዋል። ሽበት ሕመም እንዳልሆነ ሁሉ ይህም ብቻውን ሕመም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም እንደነበረበት ገምቷል፤ በ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ባወጣው መመሪያ ደግሞ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም የሚመክረው ከሁሉ በፊት ትምህርትንና እንቅስቃሴን ነው። የወገብ ቀበቶ፣ በመሣሪያ መጎተት እና የአልትራሳውንድ ማሞቂያ በመደበኛነት እንዳይሰጡ ይመክራል። በከተማችን ብዙ ገንዘብ የሚወጣው ግን በእነዚሁ ነው።

እንቅስቃሴ ከመጀመሩ በፊት ግን መለየት ያለበት ጉዳይ አለ። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም እምቢ ካለ፣ ሰገራ ካመለጠ፣ በመቀመጫና በብልት ዙሪያ ያለው ቆዳ ከደነዘዘ፣ እግር ከቀን ወደ ቀን እየከዳ ከሄደ፣ ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል መግባት አለበት፤ የነገ ቀጠሮ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ፣ ተኝቶም የማይተው የሌሊት ሕመም ካለ በእኛ አገር በመጀመሪያ የሚታሰበው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣና ከብት የሚያረባ ሰው ከሆነ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴላም ይታሰባል። ቀደም ሲል ካንሰር ታክሞ የነበረ ሰው፣ ለረጅም ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት የወሰደ ሰው፣ ወድቆ ወይም በመኪና አደጋ የጀመረው ሰው፣ እነዚህም ሁሉ በቅድሚያ ሐኪም ይያቸው። ያበጠ፣ የጋለና የቀላ መገጣጠሚያ ላይም ስፖርት አይሠራም። ወጌሻ ዘንድ ለሚሄዱ ሰዎችም አንድ ቃል፦ መታሸቱ ለጊዜው ያዝናናል፣ አንቃወምም፤ አንገትና ወገብ በኃይል ማጠማዘዝ ግን ቲቢ የበላው ወይም የሳሳ አጥንት ካለ ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

መድኃኒቱን በተመለከተ «ክኒን ጨጓራ ይጎዳል፣ መርፌ ግን አይነካም» የሚል እምነት አለ። ዳይክሎፌናክ ጨጓራን የሚጎዳው በሆድ ስለሚያልፍ ብቻ አይደለም፤ በደም ዞሮ የጨጓራን ግድግዳ የሚከላከለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት ስለሚያደርግ ነው። በዳሌ ተወጋም በአፍ ተዋጠ ያው ነው። ያለቦታው የተወጋ የዳሌ መርፌ ደግሞ የእግርን ትልቁን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። በጾም ወቅት ክኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ ውጦ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ጨጓራን ማቁሰል ነው፤ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ከምግብ በኋላ ማድረግ ይቻላል። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አብሮ የሚወስድ ሰው ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ሲደርብበት ኩላሊቱ ሊታወክ ይችላል፣ ስለዚህ ፋርማሲ ሲገባ የሚወስደውን ሁሉ ይናገር። ማስታገሻ የሚጠቅመው ለአጭር ጊዜ፣ ሰውየው እንዲንቀሳቀስ መንገድ ሲከፍትለት ነው። ክኒን ውጦ መተኛት ትርፉ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ መጠኑ። የመጀመሪያው ሥራ መነሻን መለካት ነው። እግር ጉዞን እንውሰድ። ሦስት ቀን ለየብቻ ሰዓት ይዘው ይራመዱ፤ ሕመሙ በግልጽ መጨመር እስኪጀምር ስንት ደቂቃ ሄዱ? 10፣ 16 እና 13 ከሆነ አማካዩ 13 ነው። መነሻዎ ግን 13 አይደለም፤ ከእሱ 80 በመቶው ነው፣ 10 ደቂቃ ገደማ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ 10 ደቂቃ ይሄዳሉ። ደህና በዋሉበት ቀንም 10፣ ባልዋሉበትም 10። ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ቀለል ባላቸው ቀን ከሐይቁ ዳር እስከ አባይ ድልድይ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ይተኛሉ፣ ሲሻላቸው እንደገና ያንኑ ያደርጋሉ። የበዓል ዋዜማ የታመሙ እናቶች ላይ የምናየውም ይኸው ነው፤ ጠላው፣ ዶሮው፣ እጥበቱ በአንድ ቀን ይጠናቀቅና በዓሉ አልጋ ላይ ያልፋል። የሚቆመው በሰዓቱ ነው፤ ሕመሙ «በቃ» እስኪል አይጠበቅም። በየሳምንቱ 10 በመቶ ይጨመራል፣ ማለትም ከ10 ወደ 11፣ ከ11 ወደ 12። ትንሽ ይመስላል፤ በሁለት ወር ግን እጥፍ ይደርሳል። መድረሻው በሳምንት 150 ደቂቃ ነው፤ 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን፣ ሲያስፈልግ በቀን ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ተከፍሎ።

ሁለተኛው መለኪያ የሕመሙ ቁጥር ነው። ምንም ካለመኖር 0፣ ሊታሰብ ከሚችለው የከፋው 10 ይባል። እየሠሩ ሳለ እስከ 4 ቢደርስ ችግር የለውም፣ ይቀጥሉ። ወሳኙ የማግስቱ ጠዋት ነው፤ ሲነሡ ሕመሙ ከመሥራትዎ በፊት ወደነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ትክክል ነው። ካልተመለሰ በዝቷል፤ አንድ ሦስተኛውን ይቀንሱ። ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ጡንቻ ማጠንከሪያው ደግሞ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ቀን፣ መሐል ላይ ቢያንስ አንድ ቀን እረፍት እየሰጡ፣ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ደጋግሞ፣ ከ2 እስከ 3 ዙር ነው፤ በዙር መካከል አንድ ደቂቃ ወይም ሁለት ደቂቃ ማረፍ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች ከበድ ማለት አለባቸው። ካልከበዱ ጡንቻው የሚጠነክርበት ምክንያት የለውም። በሁለት ሳምንት ለውጥ የሚጠብቅ ሰው ይሰላቻል፤ ተጨባጭ ለውጥ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ላይ ነው።

ለወገብ ከምንሰጣቸው መካከል አራቱን እንግለጽ። በስፖንጅ ፍራሽ ላይ ሳይሆን ወለል ላይ ምንጣፍ ወይም ሰሌን አንጥፈው ይሥሩ፤ ፍራሽ ስለሚሰረጉድ ወገብ የቱ ጋ እንዳለ አይታወቅም። አንደኛው፦ በጀርባ ተኝተው ጉልበት አጥፈው፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ወገብና ወለል መካከል ያለውን ክፍተት በሆድ ጡንቻ ቀስ ብለው ይዝጉ፣ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ። ትንፋሽ አይያዝም። ሁለተኛው፦ በዚያው አተኛኘት መቀመጫን ማንሣት። ከትከሻ እስከ ጉልበት ቀጥ ያለ መስመር ሲሆን 5 ሰከንድ ይያዙ፣ በ3 ሰከንድ ይውረዱ። የጭን ጀርባ ጡንቻ ቁርጥማት ከያዘዎት ተረከዝዎ ርቋል፤ ወደ መቀመጫ አንድ ስንዝር ያስጠጉት። ወገብ ላይ ከተሰማዎት ደግሞ ከልክ በላይ አንሥተዋል፤ መሰማት ያለበት መቀመጫ ላይ ነው። ሦስተኛው፦ በእጅና በጉልበት ተንበርክከው ቀኝ እጅንና ግራ እግርን አንድ ላይ ይዘርጉ፣ 8 ሰከንድ፣ ከዚያ ተቃራኒውን፤ በየጎኑ 6 ጊዜ። ወገብዎ ላይ ባዶ የፕላስቲክ ኩባያ ያስቀምጡ። ኩባያው ከወደቀ ዳሌ እየዞረ ነው፤ እግሩን ዝቅ አድርገው፣ ካልሆነም እጁን ትተው እግሩን ብቻ ይዘርጉ።

አራተኛው ማጎንበስን እንደገና መማር ነው፣ ከሁሉም የምናስበልጠው። ቀጥ ያለ ዱላ በጀርባዎ በቁሙ ይያዙ፤ የጭንቅላት ጀርባን፣ በትከሻ አጥንቶች መካከል ያለውን ቦታ እና ጅራት አጥንትን፣ ሦስቱንም ይንካ። ጉልበት በጥቂቱ ታጥፎ መቀመጫዎን ወደ ኋላ እየገፉ ያጎንብሱ። ዱላው ከሦስቱ ነጥቦች ከአንዱ ከለቀቀ ያጎነበሰው ዳሌ ሳይሆን ወገብ ነው። 10 ጊዜ በባዶ እጅ፤ በኋላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ይዞ፣ ከዚያ ባለ 10። ወገብ አይታጠፍም ማለታችን አይደለም፣ ወገብ የተሠራው ለመታጠፍም ጭምር ነው፤ ከባድ ነገር ሲነሣ ግን ትልቁን ሥራ ዳሌና ጭን ቢይዙት ይሻላል።

ጉልበት ላይ «ፈሳሹ አልቋል» ተብሎ የተነገረው ሰው መራመድን የሚፈራው ያለችውንም እንዳይጨርሳት ነው። ነገሩ ተቃራኒ ነው። የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ፣ ሲጫንና ሲለቀቅ ከዚያው ፈሳሽ ነው። ጉልበት ሲታጠፍ ቋ ቋ ማለቱም ብቻውን ምንም አይደለም። ዋናው እንቅስቃሴ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። የተለመደው የፕላስቲክ ወንበር ከ43 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ለብዙ ታማሚ ለመጀመሪያ ሳምንት ዝቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ይደረብበት። ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ። እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ መነሣት፣ በ3 ሰከንድ ቀስ ብሎ መቀመጥ፤ 8 ጊዜ፣ 3 ዙር። ጉልበቶች ወደ ውስጥ ከተጋጩ ጭን ላይ ቀበቶ ወይም ነጠላ አላልተው ያስሩና ነጠላውን ወደ ውጭ እየገፉ ይነሡ። መጨረሻ ላይ ዘፍ ብሎ መውደቅ የተለመደው ስሕተት ነው፤ ጡንቻ በአወራረዱም ላይ ይጠነክራልና። 12 ጊዜ በ3 ዙር ሲቀልልዎ ብርድ ልብሱን ይቀንሱ። በየወሩ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተነሡ ቆጥረው ይጻፉ። ውፍረት ላለው ሰው ይህን እንጨምር፦ የሚቀንሳት እያንዳንዷ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና 4 ኪሎ ያህል ትቀንሳለች።

ከጉልበት ጋር የስግደት ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል፣ በተለይ ሕማማት ሲቃረብ። ዓመቱን ሙሉ ያልሰገደ ጉልበት በሰሙነ ሕማማት በአንድ ቀን በብዙ ስግደት ሲጠየቅ ማበጡ አይገርምም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሕማማት የመጨረሻው ሳምንት ስለሆነ ከመግቢያው ጀምሮ ሰባት ሳምንት አለ፣ ይህም ለጡንቻ የሚበቃ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት 5፣ ማታ 5፤ የማግስቱ ጠዋት መለኪያ ከፈቀደ በየሳምንቱ በእያንዳንዱ ሰዓት 2 ወይም 3 ይጨመር። ከጉልበት በታች ወፍራም ምንጣፍ ወይም የታጠፈ ጋቢ ይነጠፍ። ሲወርዱ አንድ ጉልበት አስቀድሞ፣ ከዚያ ሁለቱ እጆች መሬት፣ ከዚያ ሌላው ጉልበት፤ ሲነሡ ደግሞ የማያመውን እግር አስረግጦ በእጅ እየገፉ። የታመመው ጉልበት ሁልጊዜ ቀድሞ እንዳይወርድ ይቀያይሩ። በዚያ ሳምንት ጉልበቱ ያበጠበት ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ከወገብ ጎንበስ በማለት የሚሰግዱ ሕሙማን አሉ። ለሙስሊም ወገኖቻችንም ሱጁድ ላይ ያው ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ለጊዜው እንጂ ዘላለማዊ እንዳይሆን ከወንበር የመነሣቱን እንቅስቃሴ ጎን ለጎን ይሥሩ።

ትከሻ ላይ በብዛት የሚቸገሩት መረብ የሚጎትቱ ዓሣ አጥማጆች፣ ታንኳ ቀዛፊዎች፣ ቀለም ቀቢዎችና ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ለእነዚህ ውድ የልምምድ ላስቲክ መግዛት አያስፈልግም፤ ብስክሌት በሞላበት ከተማ አሮጌ የውስጥ ጎማ ከጠጋኝ ዘንድ ይገኛል። አየር መሙያው ያለበትን ክፍል ቆርጠው ይጣሉት፣ ላስቲኩ የሚበጠሰው እዚያ ጋ ነው። 1 ሜትር ተኩል ያስቀሩ፣ በሳሙና አጥበው ያድርቁ፣ እየለጠጡ ስንጥቅ እንደሌለው በብርሃን ይዩት። የመስኮት ብረት ላይ በእምብርት ከፍታ ያስሩ። ክርን ከጎን ተጣብቆ፣ የትከሻ አጥንቶችን ወደ ኋላና ወደ ታች እየሰበሰቡ በ2 ሰከንድ ይጎትቱ፣ በ3 ሰከንድ ይመልሱ፤ 10 ጊዜ፣ 3 ዙር። ትከሻ ወደ ጆሮ ከወጣ ላስቲኩ ከብዷል፤ በቁመቱ ለሁለት ይሰንጥቁት። ከዚያ ወደ ጎን ዞረው ይቁሙ፣ በክርንና በጎድን መካከል የታጠፈ ፎጣ ይያዙ፣ ክርን 90 ዲግሪ ታጥፎ እጅን ወደ ውጭ ይክፈቱ። ፎጣው ከወደቀ የሚሠራው ሌላ ጡንቻ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ትከሻው ቀስ በቀስ እየደረቀ ፀጉሩን ማበጠር ካቃተው ለብቻው መታየት አለበት፤ የደረቀ ትከሻ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ በኃይል ከተጎተተም ይብሳል።

የሥራው አቀማመጥም መጠን ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በአንድ እጅ ሲያዝ ወገብ ወደ ሌላው ጎን ተጣሞ ይሄዳል፣ ለሁለት ባለ 10 ሊትር ቢከፈል ጫናው ይመጣጠናል። ምጣዱ ዝቅ ያለ ከሆነ በማይነቃነቅ ብሎኬት ከፍ ይደረግና ቆሞ ሲጋገር ከክርን ትንሽ ዝቅ ይበል። ሳፋም እንደዚሁ፣ መሬት ላይ ሳይሆን አግዳሚ ላይ። ባጃጅ አሽከርካሪ በየ45 ደቂቃው ወርዶ እጁን ዳሌው ላይ አድርጎ ወደ ኋላ 10 ጊዜ ይለጠጥ፤ ተሳፋሪ እየጠበቀ ሊሠራው ይችላል። በፎገራ ሩዝ የሚያርሙ፣ በሐይቁ ዳር እምቦጭ በእጅ የሚነቅሉ ሰዎችም ያው በየ20 ደቂቃው ቀና ብለው ይለጠጡ፣ ከነቃዩ ወደ ተሸካሚው ተራ ይቀያየሩ። «ብርድ ገባኝ» የሚሉትን በተመለከተ፣ ብርድ አጥንት ውስጥ አይገባም፤ የሐይቁ ዳር የማለዳ ቅዝቃዜ ግን ጡንቻን ያደርቃል። ለ15 ደቂቃ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ላስቲክ ማድረግና ከዚያ መንቀሳቀስ ጥሩ ነው። ሙቀቱ መግቢያ ነው እንጂ ሕክምናው ራሱ አይደለም።

ሕመሙ በመሐል ድንገት ማገርሸቱ አይቀርም። እንዳገረሸ ከ1 ወይም 2 ቀን በላይ አይተኙ፤ ሁሉንም መጠን በግማሽ ቀንሰው ይቀጥሉ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ወደነበረበት ይመልሱት። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሕመሙ እንደሚብስበት ይታወቃል፤ በጎን ሲተኙ በጉልበቶች መካከል ትራስ ማድረግ ይረዳል። ቤተሰብም «አርፈሽ ተቀመጭ፣ እኔ አደርገዋለሁ» ከማለት ይልቅ የ10 ደቂቃዋን ጉዞ አብሯት ቢሄድ የበለጠ ያግዛታል።

ጥያቄያችን ለጤና ጣቢያዎችና ለሆስፒታሎች ነው። ሐኪሙ «ስፖርት ሥራ» ሲል ከማዘዣው ሥር አምስት መስመር ይጻፍ፦ የትኛው እንቅስቃሴ፣ ስንት ጊዜ በስንት ዙር፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ሲያም ምን ይደረግ፣ መቼ ይጨመር። ቀጠሮም በ2 ሳምንት እና በ6 ሳምንት ይሰጥ፤ የመጀመሪያው አሠራሩን ለማረም፣ ሁለተኛው መጠኑን ለመጨመር። ፊዚዮቴራፒስት በሌለበት ጤና ጣቢያ ይህን ነርስም ሊያደርገው ይችላል፣ መሣሪያ አይጠይቅም። ለከተማ አስተዳደሩም አንድ ነገር አለን፦ በሐይቁ ዳር የእግረኛ መንገድ ላይ በየ200 ሜትሩ መቀመጫ ይኑር። መነሻው 4 ደቂቃ የሆነ ታማሚ በዝግታ የሚደርሰው እስከዚያ ነው፤ የሚያርፍበት ከሌለ ከቤት አይወጣም።

በዚህ ደብዳቤ የተጠቀሱትን እንቅስቃሴዎች በሥዕል አዘጋጅተን ለዝግጅት ክፍላችሁ በነጻ ለመስጠት ዝግጁ ነን፤ በየሳምንቱ አንድ አንዱን ብታወጡት ቆርጦ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው አንባቢ አይጠፋም።

ከሰላምታ ጋር፤
በባሕር ዳር ከተማ የሚሠሩ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች